የመሪ መቆለፊያ፣ ጂፒኤስ እና ድብቅ ማጥፊያ፦ ከቱሉ ዲምቱ የሁለት ዓመት ግምገማ

የመኪና ጥበቃ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ንግግራቸውን የሚጀምሩት መኪናዋ ከነጭራሹ ከቆመችበት ስትጠፋ ምን እንደሚሰማን በመግለጽ ነው። እኛ ሰፈር ግን ሌባ በቅድሚያ የሚመጣው ለስፖኪዮ ነው፤ ቀጥሎ ለባትሪ፣ ለተቀያሪ ጎማ፣ ከተመቸውም ወንበር ላይ ተረስቶ ላደረ ቦርሳ። መኪናዋን አስነስቶ የሚሄደው ሌባ ሌላ ሰው ነው፤ ዝግጅቱም ሌላ ነው። ይህን ሳልለይ ገንዘቤን ከላይ ወደ ታች አወጣሁ፤ ውዱን አስቀድሜ፣ ርካሹንና የሚጠቅመውን አስከትዬ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሁለት ዓመት ውስጥ የገዛኋቸውንና ያስገጠምኳቸውን ዕቃዎች በተመለከተ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የ2004 ስሪት ቶዮታ ኮሮላችን የምታድረው ከሕንጻው ጀርባ፣ ከአራት ብሎኮች መካከል ባለው ክፍት ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ይህ ለእኛ ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ ምቾት ነው፣ መኪና ይዞ ለሚሸሽ ሰውም እንደዚያው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄ ቀድማኝ ወርዳ ስትጠብቀኝ፣ ገና ከደረጃው ሳልወጣ «እማዬ፣ የመኪናችን አንድ ጆሮ የለም» አለችኝ። የግራው ስፖኪዮ ከሥሩ ተነቅሎ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ብቻ በሩ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ሽቦዎቹ አልተበጠሱም፤ በመቁረጫ እኩል ተቆርጠዋል። ሰውየው መሣሪያ ይዞ፣ ጊዜውን ወስዶ እንደሠራ ያስታውቃል።

በዚያው ዓመት ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ የግድ ሆኗል። አሮጌ መኪና ሲጠበቅ ደግሞ አሮጌ መለዋወጫ ይፈለጋል። የእኔን ስፖኪዮ ማን እንደሚገዛው ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ እኔም ራሴ በማግስቱ ያገለገለ ስፖኪዮ ፍለጋ ወጥቻለሁና። ሻጩ ያቀረበልኝን ዕቃ እያገላበጥኩ የማን ይሆን ብዬ መጠርጠሬን አልደብቅም።

በዚህ ድንጋጤ መጀመሪያ የገዛሁት ጯሂ አላርም ነበር፤ ከሁሉም የማልመክረው እርሱን ነው። ዕቃው ከመሪው ሥር የሚታሰር ሳጥን፣ ከኮፈኑ ውስጥ የሚገባ ጡሩምባና ሁለት ሪሞት አለው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ንዝረት ለኪ ሌባውን ከሌላው ነገር አይለይም። ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ሲያልፍ ይጮኻል፣ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ይጮኻል፣ ድመት ኮፈኑ ላይ ሙቀት ፍለጋ ስትወጣ ይጮኻል። በአንድ የሐምሌ ሌሊት አምስት ጊዜ ወርጃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለኪውን እንዲያደነዝዝልኝ ስጠይቅ ገጣሚው ብሎኑን ጥቂት አዞረው፤ ከዚያ ወዲያ መስታወቱን በጡጫ ብመታውም ዝም አለ። በመካከሉ ያለውን ልክ ፈልገን አላገኘነውም። ከዚህ የባሰው ግን ጎረቤቱ ጩኸቱን መልመዱ ነው፤ ሁሉም የሚሰማው፣ ማንም የማይነሣለት ድምፅ ሆነ። ለማስታወቂያ ያህል ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ የምትጠፋዋን ቀይ መብራት አስቀርቼ ጡሩምባውን አስነቀልኩት።

ጂፒኤሱ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ እርሱ ነውና፣ ብዙ ገንዘብ የበላውም እርሱ ነው። መሣሪያው የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነው። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ያለበትን ቦታ ያሰላል፤ ያሰላውንም በውስጡ በገባው ሲም ካርድ በኩል ወደ ስልካችን ይልካል። ሁለት ሰንሰለቶች ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ከሰማይ፣ ሌላው ከኔትወርክ። ሰማዩ እኛ ዘንድ ችግር የለበትም። ኔትወርኩ ግን መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሲጠፋ ይዳከማል፤ በእንደዚህ ያለ ጊዜ መተግበሪያው መኪናዋን የሚያሳየኝ መጨረሻ በታየችበት ቦታ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው መኪናው ከቤቱ ጀርባ ቆማለች ብሎ ተኝቶ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ በካርታው ላይ ካለው ምስል ይልቅ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመጨረሻ ሰዓት ማየት ልማድ ማድረግ ያስፈልጋል።

የገጠመልኝን ሱቅ ስም አልጠቅስም። ሠራተኞቹ ትሑቶች ነበሩ፤ ሥራውን ግን በአርባ ደቂቃ ጨረስን ያሉት ችኮላ በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ። በጥቅምት ወር ለለቅሶ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደን በአራተኛው ቀን ስንመለስ መኪናዋ አልነሣ አለች። ባትሪው አርጅቷል ተብዬ አዲስ ገዛሁ፤ በሳምንቱ ደገማት። በመጨረሻ ቃሊቲ አካባቢ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን መለኪያውን በባትሪው ገመድ መካከል አስገብቶ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ 0.3 አምፔር እየፈሰሰ መሆኑን አሳየኝ። በቀን ከ7 አምፔር ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ የእኛ ባትሪ አቅሙ 45 ስለሆነ በአራት ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ተመጧል። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ የገጠሙት ልጆች ሽቦውን የተሳሳተ ቦታ ላይ ስለቀጠሉት፣ ቁልፉ ቢወጣም ሌላ ክፍል አብሮ እንደበራ ያድር ነበር። ቅጥያዎቹም ያለ ብየዳ ተጠማዝዘው በጥቁር ፕላስተር ብቻ ተጠቅልለው ነበር። ስለዚህ ጂፒኤስ የሚያስገጥም ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው ቆሞ፣ መኪናው ጠፍቶ የሚፈሰው ምን ያህል እንደሆነ በመለኪያ እንዲያሳዩት ይጠይቅ። የሚያፍር ባለሙያ ካለ ከእርሱ አያሠራ።

ሌላው ወጪ ዓመታዊ ክፍያው ነው፤ ሲም ካርዱም ሒሳብ ይፈልጋል። ሒሳቡ አልቆ መሣሪያው ለሦስት ሳምንት ዲዳ ሆኖ እንደነበር ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው፤ ማንም አላስታወቀኝም። አሁን የቤት ኪራይ እንደሚያስታውስ ሰው በየወሩ መጀመሪያ ቀን እሞላለሁ።

ጂፒኤሱ ከስልክ በሚላክ ትእዛዝ ሞተር የማጥፋት አገልግሎትም አለው፤ ይህም ሪሌ በምትባል፣ በኤሌክትሪክ በምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ አማካይነት የቤንዚን ፓምፑን ሽቦ ይቆርጣል። የእኛ መሣሪያ ትእዛዙን ቢቀበልም መኪናው ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ይህ መልካም ነው፣ በፈጣን መንገድ ላይ ሞተር ድንገት ቢጠፋ የሚሞተው ሌባው ብቻ አይደለምና። ባለቤቴ ወደ ዱከም በሚወስደው አሮጌው መንገድ ሲነዳ እኔ ከቤት ሆኜ ሞክሬዋለሁ፤ ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ሠርተዋል፣ ሦስተኛው መልእክት የደረሰው እርሱ ቤት ገብቶ ቡና ከጠጣ በኋላ ነው። በጎን ልጨምርና፣ የትዳር ጓደኛ የት ቆሞ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በካርታ ማየት መቻል ለቤት ሰላም የሚመከር አይደለም፤ ማስጠንቀቂያዎቹን ብቻ አስቀርቼ የዕለት ጉዞ ታሪኩን ዘግቼዋለሁ።

ከጂፒኤስ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ መኪናዋ ኢሞቢላይዘር አላት ወይ የሚለው ነበር። ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና ቁልፉ ራስ ውስጥ ባትሪ የማያስፈልጋት ትንሽ ቺፕ አለችው፤ ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ ያለው ጥቅልል ሽቦ ኃይል ይሰጣትና መለያዋን ትናገራለች፤ መለያው ካልገጠመ ሞተሩ አይነሣም። በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነ ሲሆን፣ በኔዘርላንድስ የተሠራ ጥናት መሣሪያው የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ገምቷል። የእኛ ኮሮላ ለአረብ አገሮች ገበያ የተሠራች በመሆኗ የላትም፤ ቁልፏን ማንኛውም ቁልፍ ቀራጭ በቁጥር ደቂቃ ያባዛዋል። ያላቸው ብዙ ቶዮታዎች ቁልፉ ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ የመኪናና የቁልፍ ምስል ያለበት ቀይ መብራት ስለሚበራባቸው፣ ባለመኪናው ዛሬ ማታ ወርዶ ሊያየው ይችላል።

የሌላትን ነገር የተካልን በድብቅ ማጥፊያ ነው፤ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማልጸጸትበትም ይኸው ነው። ያው የቃሊቲው ኤሌክትሪሺያን ነው የሠራው። የጂፒኤሱን ሽቦዎች አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ግን የት እንዳደረግኩት ለባልሽና ለራስሽ ብቻ ነው የምነግረው» አለኝና ረዳቱን ሻይ እንዲያመጣ ላከው። ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ የቤንዚን ፓምፑን ሽቦ አወጣ፣ ቆረጠ፣ ሁለቱን ጫፎች በየዳ፣ በመካከላቸው የጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ አስገባ። ቅጥያውን በእሳት የሚኮማተር ላስቲክ አልብሶ ከዋናው የሽቦ ጥቅል ጋር አብሮ ስላሰረው፣ እኔ ራሴ ሲሠራ እያየሁ እንኳ በኋላ ፈልጌ ለማግኘት ተቸግሬያለሁ። ከዚያ ማጥፊያዋን ዘግቶ ቁልፉን ሰጠኝና አስነሺ አለኝ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ መኪናዋ ትስላለች፣ ግን አትነሣም፤ ቤንዚን የጨረሰች ትመስላለች። ሌባው የሚያየው መቆለፊያ ስለሌለ የሚሰብረው ነገር የለውም፤ የተበላሸች መኪና መረጥኩ ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም። እንከኑ አንድ ነው፤ ሰው ይረሳዋል። እናቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያላቸው ዕለት ማጥፊያዋን ሳልከፍት ለሃያ ደቂቃ ሞተሪኖ አስጮኼያለሁ።

የመሪ መቆለፊያው፣ ያ ቢጫ ቀለም የተቀባው የብረት ዘንግ፣ ከማጥፊያው ተቃራኒ ነው፤ ሥራው መታየት ነው። መሪው ከላስቲክ ሥር ያለው ብረት ቀጭን ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ መቆለፊያው ቢጠነክርም መሪው ደካማ ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፣ እውነታቸውንም ነው። እኔ ግን የምፈልገው ሌባው በመስታወቱ አሻግሮ አይቶ ከጎኗ ያለችውን መኪና እንዲመርጥ ነው፤ ይህ ለጎረቤቴ ደግ ሐሳብ ባይሆንም። ሲገዛ የቁልፉን ቀዳዳ መመልከት ይበጃል። የመጀመሪያዬ ርካሹ ስለነበር በስድስት ወሩ አቧራ ገብቶበት ነከሰ፤ ሥራ ረፍዶብኝ በዘይትና በልመና ነው የተከፈተው። ሁለተኛው ቀዳዳውን የሚሸፍን ክዳን አለው፤ እስካሁን አላስቸገረኝም።

ስፖኪዮዎቹን በተመለከተ የታርጋ ቁጥራችንን በመስታወቱም በላስቲኩም ላይ አስቀረጽኩ፣ ማቀፊያውንም በሪቬት አስመታሁ። ያማረ ነገር አይደለም፤ አንዱ መስታወት ቢሰበር ሪቬቱን በመሰርሰሪያ ማውጣት ያስፈልጋል። ሆኖም ቁጥር የተቀረጸበት መስታወት ለሻጩ ጣጣ ነው፤ ከተሠራ ወዲህም ማንም አልነካቸውም። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነበርና መጀመር የነበረብኝ ከዚህ ነው።

ባለፈው ኅዳር እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች በአንድ ሌሊት ተፈተኑ። የቀኙን በር ላስቲክ ገልጦ፣ ሽቦ አስገብቶ የከፈተ ሰው መሪውን ተቆልፎ አገኘው። መቆለፊያውን ለመቁረጥ እንደሞከረ በላስቲኩ ላይ የቀረው የመጋዝ ጭረት ይናገራል። ከዚያ መለስ ብሎ ይሁን ቀድሞ፣ የማስነሻውን ቀዳዳ በካቻቢቴ ፈልቅቆ አዙሯል፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ይዞ የሄደው ጃንጥላና የልጄን ሹራብ ነው። ጂፒኤሱ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ የማስነሻው ሥርዓት በበራበት ቅጽበት መልእክት ልኳል። እኔ ያየሁት ጠዋት ቁርስ ላይ ነው፤ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነበር ያደረው። መልእክቱን ለሌሊት ጥበቃችን፣ አባባ ብለን ለምንጠራቸው ሽማግሌ ሳሳያቸው 02:40 የሚለውን አይተው «እትዬ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባማ ሰው ሁሉ ውጭ ነበር፤ ይህ መሣሪያ ይዋሻል» አሉኝ። መተግበሪያው የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት እንደሆነ፣ ነገሩም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ እንደሆነ ሳስረዳቸው ፊታቸው ተለወጠ። በዚያን ሰዓት ከሌላኛው ብሎክ ጥግ እሳት እየሞቁ ነበር፤ አንድ ለአራት ብሎክ የተቀጠሩ ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ቁልፍን በተመለከተ ጥንቃቄው ዕቃ መግዛትን አይጠይቅም። ያገለገለ መኪና በአንድ ቁልፍ ብቻ ከተሸጠ ሁለተኛው የት እንዳለ ስለማይታወቅ ሲሊንደሩን ማስቀየር ይገባል። ላቫጆ ስንሄድም የመኪናውን ቁልፍ ከቤት ቁልፍ ነጥለን፣ እኛም ከቦታው ሳንርቅ መጠበቅ ነው።

መድን ስንል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ስርቆትን አይሸፍንም፤ እርሱ እኛ በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት ነው። ስርቆትን የሚሸፍነው በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ሽፋን ሲሆን፣ እርሱም ውስጥ እንደ ስፖኪዮ ያሉ ክፍሎች ለብቻቸው ሲሰረቁ ይከፈላል ወይ የሚለውን ከውሉ ላይ ማንበብ ይፈልጋል። እኔ ሳድስ የተጻፈው የመኪናዋ ግምት ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ዋጋ ነበር። በዚያ ግምት ብትሰረቅ የሚከፈለኝ ገንዘብ ግማሿን እንኳ አይገዛልኝም ነበር፤ ዓረቦኑ ቢጨምርም አስተካክያለሁ።

የጂፒኤሱ ዓመታዊ ክፍያ በግንቦት ይታደሳል። ከኅዳሩ ሌሊት በኋላ ልተወው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ከመልእክት ሌላ ወደ ተመዘገበ ቁጥር መደወል እንደሚችል የቃሊቲው ልጅ አሳየኝና አንድ ለውጥ አድርጌ ልቀጥል ወሰንኩ። አሁን በመጀመሪያ የሚደውለው ለአባባ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ለእኔ የሚደውለው ቀጥሎ ነው። ሙከራ ያደረግን ዕለት ከሌላኛው ብሎክ ተነስተው ዱላቸውን ይዘው መኪናዋ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። በየወሩ ለሲም ካርዱ ሒሳብ ስሞላ ለእርሳቸውም የ50 ብር የአየር ሰዓት እጨምራለሁ።